የጋሽ ደምሴ ነፋስ

ዋለልኝ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ቅዳሜና እሁድ ግን ቨርጂኒያ ካለ የተኩስ ሜዳ ሄዶ፣ ሣር ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ አንድ ሺህ ያርድ ርቆ የቆመ ኢላማ ይመታል። ሚስቱ ስመኝ፣ «ሌላው ሰው ሲያርፍ አልጋ ላይ ይተኛል፣ የኔው ሣር ላይ» እያለች ትስቅበታለች።

እዚህ ጣጣ ውስጥ ያስገቡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። በፈረንጆቹ 2003 አሜሪካ ሲገባ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለች አንድ ክፍላቸው ያስጠጉት፣ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ያስጠኑት፣ ስመኝን ሲያጭም ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት እሳቸው ናቸው። ጠመንጃ አያያዝም ከሳቸው ነው የተማረው። እንዲህ ያለ ሰው በምን አፍ «ተሳስተዋል» ይባላል?

በቡድን ውድድር ተኳሽ የራሱ ጌታ አይደለም። ከኋላው ኮች ይቀመጣል፤ በአጉሊ መነጽር ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ወዴት እንደሚፈስ፣ ነፋስ እንዲያሳዩ ሜዳው ላይ የተተከሉት ባንዲራዎች ወዴት እንደሚውለበለቡ አይቶ፣ ነፋሱ ጥይቷን ከሚገፋበት በተቃራኒ «ሁለት ግራ» ወይም «ሦስት ቀኝ» ይላል። ተኳሹ የማነጣጠሪያውን ቁልፍ ያንኑ ያህል አዙሮ መተኮስ ብቻ ነው። የዚያ ሜዳ ነፋስ ደግሞ አመለኛ ነው። የቅርቦቹ ባንዲራዎች ወደ ቀኝ ሲውለበለቡ፣ ከዛፎቹ ወዲያ ያሉት ወደ ግራ ይገለበጣሉ።

በ2012፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ጋሽ ደምሴ ከኋላው ኮች ሆነው ሲቀመጡ ዓይናቸው መድከሙን ዋለልኝ አወቀ። ቅርቡን ባንዲራ እንጂ ሩቁን አያዩም። ሊነግራቸው አፉን ከፈተና ይሉኝታ ያዘው። ቁልፉን እንዳሉት አዙሮ፣ ሊተኩስ ሲል ግን የጠመንጃውን አፈሙዝ የፀጉር ያህል ገፋ አደረገው። ጥይቷ መሃል ገባች።

«አየህ? ነፋስ እንዲህ ነው የሚነበበው!» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

እሱም ሳቀ። ከዚያች ሳቅ በኋላ መውጫ አጣ። ሁልጊዜ ሲሳሳቱ ያርማል፣ ባረመ ቁጥር የእሳቸው ዝና ይጨምራል። በመስከረም ካናዳዎቹ ለውድድር ሲመጡ የሜዳው ቡድን ኮች ጋሽ ደምሴ ይሁኑ ተባለ።

ሉሊት ቡድኑ ውስጥ የገባችው በዚህ መሃል ነው። የጌይተርስበርግ ልጅ ናት፤ ነርስ፣ ሃያ አራት ዓመቷ። ዓለም አቀፍ ውድድር ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። «ሁለት ግራ» ካሏት ሁለት ግራ ነው፣ ሌላ አታውቅም። ውድድሩ በተጀመረበት ቅዳሜ ዕለት ጥይቷ ሁሉ ግራ ዳር እየሄደ ቀረ። በዚያው ነፋስ፣ በዚያው ኮች፣ ዋለልኝ መሃል መሃሉን ይመታል። የቡድኑ አለቃ ማንም ሰው የሚያስበውን አሰበ። እሁድ ጠዋት አንድ ተጠባባቂ በእሷ ቦታ እንደሚገባ ነገራት።

«አይ ዶንት ጌት ኢት፣ አልገባኝም ዋሌ» አለችው መዳፏን እያየች። «ያሉኝን ነው እኮ ኤግዛክትሊ የማደርገው። እጄ ይሆን እንዴ?»

እጇ ምንም አልሆነም። ይህን የሚያውቅ ከዋለልኝ በቀር ማንም የለም። ቢናገር ባለውለታውን በሰው ፊት ሊያዋርድ ነው፤ ዝም ቢል ልጅቷን ሊቀብር። «አይዞሽ» አላትና በራሱ አፈረ።

የእሁዱን ተራ የጀመረው እሱ ነበር። አምስት ጥይት ተኩሶ አምስቱም መሃል ገቡ። ከበስተኋላው ሉሊት ጓዟን ስትሸክፍ ይሰማዋል።

«ሁለት ግራ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ሩቁ ባንዲራ ተገልብጧል። ዋለልኝ ቁልፉን ሁለት ግራ አዞረና ምንም ሳይገፋ፣ እንደተባለው ተኮሰ። ኢላማው ወደ ጉድጓዱ ወርዶ፣ ጥይቷ የመታችበት ምልክት ተደርጎበት ሲወጣ ምልክቱ ግራ ዳር ነበር፤ ትናንት የሉሊት ጥይቶች ያረፉበት።

«ምን ነካህ?»

«እንዳሉኝ ነው የተኮስኩት፣ ጋሼ።»

«ድገም። ሁለት ግራ።»

ደገመ። እዚያው ሄደ። ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ከመነጽሩ አነሱ፤ ብዙ ሰው ያለበት ሜዳ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ለኔ ብለህ?»

«አዎ።»

«ሰው ያረጃል፣ ዓይኑም ይደክማል። ይሄ ምኑ ያሳፍራል? ይቺን ልጅ ግን በኔ ስም አሳረርካት።»

ዋለልኝ ይቅርታ እንኳ ባይሆን ምስጋና ቢጤ ጠብቆ ነበር። አምስት ወር ሙሉ የተሸከማቸው እሱ ነው። መሬት ብትከፈት በገባ።

ሽማግሌው ተነስተው አለቃውን ጠሩ። ዓይናቸው ሩቁን እንደማያይ፣ ከፋሲካ ወዲህም ዋለልኝ በስውር ሲያርምላቸው እንደቆየ፣ ልጅቷም ጥፋት እንደሌለባት ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩ። ሉሊት ቦታዋ ተመለሰላት። ለዋለልኝ ደግሞ ወንበራቸውን አሳዩት፤ «የቀረህን ተኩስና እዚህ ቁጭ በል። አንተ ታያለህ። ጮክ ብለህ ንገራት።»

ተራዋ ሲደርስ ሉሊት ሣሩ ላይ ተኛች። ወደ እሱ አልዞረችም።

«አምስት ወር ሙሉ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጠመንጃውን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ነፋሱ ስንት ነው?»

ዋለልኝ በመነጽሩ አየ። ሩቁ ባንዲራ እንደገና እየዞረ ነው፤ እንዲህ ጥርት ብሎ ታይቶት አያውቅም።

«ግማሽ ቀኝ» አላት።

እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደችና አቆመች። ከዚያ አንገቷን አዙራ ጋሽ ደምሴን አየቻቸው፤ ልክ መሆኑን እሳቸው እንዲነግሯት።