የተጨበጠ እጅ

መዳን የማይችሉ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ከምታስታምም ነርስ ጋር ጥቂት ወራት ሠርቻለሁ። እሷ ታክማለች፤ እኔ አስተረጉማለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ። በቅጹ ጀርባ ግጥም ስሞነጫጭር ስለምታገኘኝ ትቆጣኝ ነበር።

ሕመም የሚለካው በጣት ነው። የተጨበጠ እጅ ማለት ሕመም የለም፤ አምስት ጣት ማለት የማይቻል ሕመም። ማስታገሻው የሚጨመረውም በዚያው ቁጥር ነው።

አንድ ቀን ከሶዶ በሚኒባስ ወደ ቦምቤ በሚወስደው መንገድ ሄድን፤ ቀሪውን በእግራችን ወጣነው። የማኅፀን በር ካንሰር ያለባቸው እናት ተኝተዋል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች አልጋውን ከበው ተቀምጠዋል።

"እናቴ፣ ሕመሙ ስንት ጣት ነው?" አልኳቸው በወላይትኛ።

እጃቸውን ጨበጡ። "ጌታ ይመስገን።"

"አሜን!" አለ ቤቱ በሙሉ።

ዜሮ ልጽፍ ስል የጋቢያቸውን ጫፍ አየሁ። ርሷል፤ የጥርስ ምልክት አለበት። ለነርሷ በዐይኔ አሳየኋት።

"አይቻለሁ" አለችኝ በአማርኛ። "እሳቸው ካላሉ ግን ምን ብዬ ልጨምር?"

ለጸሎት የመጣን ሽማግሌ ውጣ ማለት ነውር ነው። "አባቶቼ፣ ሲስተር ገላቸውን ልታይ ነው" አልኩ።

በዕድሜ የገፉት አባት ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ "አንተስ ዐይንህን የት ልታደርገው ነው?" አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ።

"ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፣ አባባ።"

"ደግሞ ግድግዳውን ስንት ጣት ያምሃል እንዳትለው!"

እየተሳሳቁ ወደ እንሰቱ ጥላ ወጡ።

"አሁንስ፣ እናቴ?"

መጀመሪያ በሩን አዩ። ከዚያ አራት ጣት አነሡ። አውራ ጣታቸው መዳፋቸው ላይ ተጣጥፎ ቀርቷል።

"አንዱን አስቀርቻለሁ" አሉ። "ሁሉንም ካነሣሁ ጌታን የከሰስኩ ይመስለኛል። እነዚያ ሰዎች ነገ ስለ እምነቴ ለልጆቼ ይናገራሉ። ሌላ የማወርሳቸው የለኝም። አትንገርብኝ።"

ነርሷ የማስታገሻውን መጠን ጨመረች። የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደረኩ፣ እሱንም በጣት፣ የሚጠይቅ ነው። ጠይቄ ሳልጨርስ አምስቱንም ጣት ዘረጉ።

"ባዶ እጃችንን ብንመጣም አምስቱን ይሰጡን ነበር" አለች ነርሷ፣ ስንወጣ። "እንግዳ ነንና።"

በሳምንቱ ተመለስን። ሽማግሌዎቹ ቦታቸውን ይዘዋል።

"ዛሬም ልታስወጣን ነው?" አሉ አባባ።

"ዛሬ እንኳ ይቀመጡ።"

እናትየውን ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ጨበጡ። ጎንበስ ብዬ ጋቢውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረግሁላቸው። ጫፉ ደረቅ ነበር።

ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።