ስምንት ዓመት ገዝቶ ያስረከበው እንግዳ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ልጄ ሱቅ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም፣ ሬዲዮው የአንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ማረፋቸውን ተናገረ። ከገበሬ ቤት ተወልደው፣ ስምንት ዓመት ግዛታቸውን አስተዳድረው፣ ከዚያ ለረጅም ዘመን ሴናተር ሆነው ኖረዋል አለ። ስማቸውን ሲጠራ እጄ ትሪው ላይ ቀረ። እኚህን ሰው በቅርብ አይቻቸዋለሁ፤ የሰው ቃልም አድርሼላቸዋለሁ።

ጊዜው የደርግ ነበር፤ በመስከረምና በጥቅምት የምንጠብቀው የሃጋያ ዝናብ ሳይጥል የቀረበት ዓመት። እኔ ነገሌ ቦረና፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ዓይን አፋር ከመሆኔ የተነሳ ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የምመልሰው። እናቴና ታናናሾቼ በፊልቱ መንገድ ወጣ ብሎ ካለው ኤላችን ዘንድ ነበሩ። ኤላ የምንለው ሰውም ከብትም የሚጠጣበትን ጥልቅ ጉድጓድ ነው። የእርዳታው ስንዴ የሚታደለው ነገሌ ብቻ ስለነበር፣ ስንዴ የፈለገ ጉድጓዱን ጥሎ መምጣት አለበት። ጠራጊ ያጣ ኤላ ደግሞ ይደፈናል፤ ከተደፈነ ሰው ወደ ምን ይመለሳል? ሽማግሌዎቹ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የስንዴው መኪና ኤላው ድረስ እንዲመጣ። የደርጉ ካድሬ ግን ሁልጊዜ «መንገድ የለም» ይላቸዋል።

አንድ ጠዋት «የአሜሪካ ሴናተር ይመጣል» ተባለ። የኤላችን ኃላፊ ኦቦ ጃርሶ ያንኑ ልመና ይዘው መጥተው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ክሊኒኩ በር ላይ ግራር ሥር ተቀምጠው የስንዴ ንፍሮ ይበሉ ነበር።

«ሳኒተር?» አሉ በኦሮምኛ። «ያ ሽንት ቤት ቆፍሩ እያለ የሚጨቀጭቀን ነው?» የንጽሕና ባለሙያውን፣ ሳኒታሪያኑን፣ ማለታቸው ነው።

«የሚበላ ሳይኖር ሽንት ቤት ምን ያደርግልናል!» አሉ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

እንግዳው ረጅም፣ ፊታቸው በፀሐይ የቀላ ሰው ነበሩ። «አካም!» አሉ ያስጠኗቸውን የኦሮምኛ ሰላምታ። «ናጋ» ተባሉ። ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ ኦሮምኛ አያውቅም ነበርና ነርሷ ክንዴን ይዛ ወደ መሃል ገፋችኝ። ሽርጤ ገና እርጥብ ነበር።

ኦቦ ጃርሶ ልመናቸውን አላስቀደሙም። «መጀመሪያ ማን እንደሆነ ይንገረን» አሉ።

እንግዳው ተናገሩ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ «የአንድ ክፍለ ሀገር አገረ ገዥ ነበሩ» አለኝ። ደነገጥኩ። እኛ አገር አገረ ገዥ ማለት በንጉሡ ጊዜ ከብታችንን የሚያስነዳብን ሰው ነው። እንዳለ ብናገረው ሽማግሌዎቹ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ብለውጠው ደግሞ ውሸት ነው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ተናገሪ እንጂ!» አለ ካድሬው።

ተናገርኩ። የሽማግሌዎቹ ፊት ጠቆረ።

«ታዲያ ማን አባረረው?» አሉ ኦቦ ጃርሶ።

እንግዳው ፈገግ አሉ። «ማንም አላባረረኝም። ስምንት ዓመቴ ሲያልቅ ለሌላ ሰው አስረክቤ ወጣሁ። አሁን ምክር ቤት ነው የምቀመጠው።»

ስምንት የሚለውን ቃል ስናገር ግራሩ ሥር ጉርምርምታ ሆነ። በእኛ የገዳ ሥርዓት አባ ገዳው ስምንት ዓመት መርቶ ለተተኪው ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ መካሪ ሆኖ ይኖራል።

«በሰላም? በሕይወት እያለ?» አሉ ኦቦ ጃርሶ።

«አዎ፣ አባባ» አልኩ።

«እንዴ! ይሄማ የእኛ ሰው ነው! ፈረንጅ ነው ያለኝ ማን ነው?»

ከካድሬው በቀር ሁሉም ሳቀ። ኦቦ ጃርሶ ከበርጩማቸው ተነስተው እንግዳውን አስቀመጡበት፤ እሳቸው መሬት ተቀመጡ።

«ስማኝ» አሉ። «ያስረከበ ሰው አያዝም፤ የሚያዙትን ግን ይመክራል። እነዚህንም ምከርልን። የስንዴው መኪና ኤላችን ድረስ ይምጣ። ሰው አንዴ ከጉድጓዱ ከተነሳ የሚመለስበት የለውም።»

እሳቸው «አንተ» ነበር ያሉት፤ እኔ በአማርኛ «እርስዎ» አደረግኩት። ከዚያ በቀር አንዲት ቃል አልነካሁም።

ካድሬው «መንገድ የለም» ሲል ግን እናቴ ዓይኔ ላይ ድቅን አለችብኝ።

«አለ» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። «የከብት ነጋዴዎች መኪና ይሄድበታል። እኔም በእሱ ነው የመጣሁት።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው አፍ ያወጣሽው?» አለኝ።

አስተርጓሚው ግን ያልኩትን ለእንግዳው ነግሯቸው ነበር። «እንግዲያው ሄደን እንየው» አሉ።

በዚያው ቀን ሄድን። እኔ ከሾፌሩ ጎን ሆኜ መታጠፊያውን አሳየሁ። እሾኹ የመኪናውን ጎን እየጫረ፣ ቀይ አቧራ እየዋጠን ኤላው ጋ ደረስን። እናቴ ከመኪና ስወርድ አይታ መጀመሪያ አላወቀችኝም። ከቀረቻት አንዲት ግመል የታለበ ወተት ለእንግዳው ሰጠቻቸው፤ ቆመው ጠጡት።

ብዙም ሳይቆይ የስንዴው መኪና በዚያው መንገድ መጣ። በሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ሰዎቻችን እዚያው ነበሩ፤ ኤላውም አልተደፈነም። እኔንም ክሊኒኩ ከልብስ አጠባ አውጥቶ ለሕመምተኞች አስተርጓሚ አደረገኝ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ሥራ ነው።

ሬዲዮው የሰውየውን ዕድሜ ሙሉ ሲዘረዝር ኤላችንን አላነሳም። ስንቱን አገር ያዩ ሰው ናቸውና አይገርመኝም። ሁለተኛም አልመጡም። ኦቦ ጃርሶም ካረፉ ቆይተዋል። እንግዳው የመጡ ዕለት ማታ ስንለያይ በትራቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉኝ፦

«ያ ሰው ተመልሶ ከመጣ አስጠሩኝ። አንቺ ከሌለሽበት ግን አልመጣም።»