የአጎቴ ነጭ ቀለም

አጎቴን ሰው ሁሉ «ሜትሩ» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዛፍ ወገብ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። በደንቡ ዛፍ የሚለካው ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ላይ ነው፤ እሱ ታዲያ ያንን ከፍታ በሸሚዙ ቁልፍ ነው የሚያውቀው። አክስቴ አዲስ ሸሚዝ በገዛችለት ቁጥር አንዱን ቁልፍ ነቅላ እሱ ባላት ቦታ ትሰፋዋለች። «ሌላዋ ባሏን ታለብሳለች፣ እኔ የመሥሪያ ቤት ዕቃ እጠግናለሁ» ትላለች።

እሱ የለካውን ኮምፒውተር ላይ የማስገባው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የደን ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ የማወራው ከሰው የሰማሁትን አይደለም፤ በገዛ ጣቶቼ የጻፍኩትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደኑ ሳይቆረጥ ከቆመ ዛፎቹ የያዙት ካርቦን ወደ አየር አይወጣም። ይህ እንዲሆን ሩቅ ያሉ ድርጅቶች ለጽሕፈት ቤታችን ድጋፍ ይሰጣሉ፣ በየዓመቱም ሪፖርት ይቀበላሉ። ያ ሁሉ ዛፍ ግን አንድ በአንድ አይለካም። ደኑ ውስጥ ስልሳ ክቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከዳር እስከ ዳር አርባ እርምጃ ቢሆኑ ነው። እነሱ ውስጥ ያለው ዛፍ ይለካል፣ የቀረው በእነሱ ይገመታል። ክቦቹ ደህና ከሆኑ ደኑ ደህና ነው ይባላል።

ነጩን ቀለም ያመጣው አጎቴ ነበር። አዳዲሶቹ ጠባቂዎች ክቦቹን ፈልገው ማግኘት እያቃታቸው ሲያስቸግሩት፣ በየክቡ ዙሪያ ያሉትን ዛፎች በነጭ ቀለም ቀበቶ አስታጠቃቸው። ሦስት ወር ፈጀበት፣ ወገቡም ለቀቀ። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ አስነሥቶ አስጨበጨበለት።

ባለፈው ዓመት የልኬቱን ወረቀት ይዞ ቢሮዬ ገባ። ያዘዝኩለትን ሻይ አልነካውም።

«ሁሉም ሙሉ ነው፤ አንድ ዛፍ አልጎደለም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ከሠላሳ አንደኛው ክብ ወደ ሠላሳ ሁለተኛው ስሄድ ፀሐይ መታኝ፣ ልጄ። በዚያ መንገድ ፀሐይ መትቶኝ አያውቅም።»

በማግስቱ አብሬው ሄድኩ። ነጭ የታጠቁት ዛፎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከእነሱ ውጪ ያለው ጉቶ ብቻ ነው፤ እስከሚቀጥለው ክብ ድረስ ጉቶና የእንጨት ብናኝ። አንድ ባለመጋዝ ግንድ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። አጎቴን ሲያይ በአክብሮት ብድግ አለ።

«አይዞዎት አባባ፣ የእርስዎን አልነካንም። ነጭ ያለበት እንዳይነካ ተብለናል።»

«ማነው ያላችሁ?»

«ከቢሮ ነዋ» አለ፣ በጥያቄው ተገርሞ።

ደሜ ፈላ። ሰውየው ላይ አይደለም፤ እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው። አጎቴ ወገቡ እስኪለቅ የቀባው ቀለም ለቆራጮች መንገድ መሪ ሆኖ አረፈው። የሚቆጠረውን ትተው የማይቆጠረውን ጨረሱት።

ኃላፊው ቢሮ ተያይዘን ገባን። ወንበር አልጋበዘንም።

«ጋሼ፣ ከለኩት ዛፍ የጎደለ አለ?»

«ከለካሁት የለም።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀዎት? የእርስዎ ሥራ ክቡን መለካት ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም የመጣልሽን ቁጥር ማስገባት ነው።»

ዓይን ያወጣ ነገር ነው። ከዚህ የባሰው ግን ቁጥሩን ማስገባቴ ነው። ስልሳውም ክብ ሙሉ፣ ደኑ ደህና ብዬ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

 በሳምንቱ አጎቴ ከአክስቴ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ተቀብሎ ደን ገባ። ስደርስበት በጠራራ ፀሐይ የገዛ ቀለሙን ይፈገፍጋል።

«ክቦቹ ሊጠፉ ነው እኮ» አልኩት።

«ለእነሱ ይጥፉ። የየክቡ መሀል ላይ የተቀበረው ብረት የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ከእንግዲህ የትኛው እንደሚቆጠር ስለማይለዩ ምናልባት ፈርተው ይተዉታል። ካልፈሩም የቆረጡት ይቆጠራል።»

«አሥራ ሰባትስ?»

አሥራ ሰባት ቁጥር ሠላሳ አንደኛው ክብ ውስጥ ያለች ዛፍ ናት። ሥራ ሲጀምር የእጁን አንጓ ታህል ነበር፤ አሁን ሁለት እጁ ዙሪያዋን አይደርስም። ከልጆቹ ጋር አብራ ነው ያደገችው። እሱ ጎንበስ ብሎ መፈግፈጉን ቀጠለ።

አልፈሩም። ዘንድሮ ለልኬት ስንሄድ አሥራ ሰባት ከጉልበቷ ተቆርጣለች። ቁጥሯ የተጻፈባት ቆርቆሮ ሥሯ ላይ እንደተመታች አለች። አጎቴ ሜትሩን ዘረጋ፣ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር አስተካከለ። የሚጠመጠምበት ነገር የለም። ሜትሩን እንደዘረጋ «ጻፊ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ዜሮ።» እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

በአሥራ አራት ክቦች ውስጥ ዜሮ ስጽፍ ዋልኩ። ኃላፊው ረቂቁን ሲያይ ጮኸ፤ አጎቴን ከሥራ የሚያግድ ደብዳቤ እንድጽፍ እዚያው ቆሞ ቃል በቃል ነገረኝ። እኔም አንዲት ፊደል ሳልቀንስ ጻፍኩ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ነጩን ቀለም ያለ ፈቃድ በማጥፋትዎ ምክንያት ቆራጮች ክቦቹን መለየት ስላልቻሉ፣ መቆረጥ የማይገባቸው ዛፎች ተቆርጠዋል።» ፈረመ፣ ማኅተም አደረገበት።

ቅጂውን ለአጎቴ ቤቱ ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«መቆረጥ የሚገባቸውስ የትኞቹ ነበሩ?» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወረቀቱን መለሰልኝ። «ሪፖርቱ ላይ ይሄንንም አያይዥው።»

አያያዝኩት። ከነማኅተሙ፣ ከዜሮዎቹ በላይ፣ የመጀመሪያው ገጽ አድርጌ ለድርጅቶቹ ላክሁት። መርማሪዎች እንደሚመጡ ባወቀ በማግስቱ ኃላፊው መጋዞቹን አስቆመ። አጎቴ ግን እንደታገደ ነው። አክስቴ ቁልፉን ወደ ቦታው ልመልሰው ብላ ሸሚዙን ስታነሳ ከእጇ ተቀበላት።

«ተዪው፤ ገና የምለካው ዛፍ አለኝ» አላት።