የጠያቂዎች መዝገብ

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «ቆጣሪ» ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው በር እያንኳኳ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ዓይኑ ግን ጡረታ አልወጣም። ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጥግ ጥጉን ይቃኛል። አመል መቼም ጉድ ነው!

ይህ ሁሉን ካላወቅሁ የሚል ሰው የእናቱን እናት አያውቃትም ነበር። እናቱ ያደገችው ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ስለ አያቱ ባነሳ ቁጥር «ጥላኝ ሄደች፣ አለቀ!» ብላ ወሬውን ትቆርጠዋለች። በቀደም ግን ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞላትና፣ አቀርቅራ ጣቶቿን እያፍተለተለች፣ «እስቲ አንተ ነገር ፈልፋይ፣ ይህችን ብቻ እወቅልኝ» አለችው። «አንድ ቀን እንኳ ተመልሳ አይታኝ ታውቃለች?»

ማሳደጊያው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ወረቀቱ ማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ተከምሯል። ቆጣሪ ሦስት ሳምንት ተመላለሰ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ አቧራ የሚያስነጥሳት ወይዘሮ፣ «ጋሼ፣ እዚሁ አልጋ ላንጥፍልዎት እንዴ?» እያለች ትቀልድበት ጀመር።

የሕፃናቱ መዝገብ ውሃ ገብቶበት ገጹ አልላቀቅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እርግፍ አድርጎ ይተወው ነበር። ቆጣሪ ግን በር ያውቃል፤ ዘበኛ ያለው በር ደግሞ ደብተር አያጣም።

«የጠያቂዎች መዝገብስ?» አለ።

«እሱን የፈለገ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» አለች። ግን እሷንም ነገሩ ያዛትና መሰላል ላይ ወጣች።

የእናቱን ስም ያገኘው ሁለተኛው ደብተር ላይ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል። የሥራ ጊዜ ባትሪውን ከኪሱ አውጥቶ በጎን ሲያበራበት ጽሑፉ ብቅ አለ፦ «እናት። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ። ሕፃኗ እንዳታለቅስ በመስኮት ብቻ አይታ ተመለሰች።» በፊርማው ቦታ የአውራ ጣት አሻራ አለ። በሚቀጥለው እሁድም ያው ጽሑፍ፣ ያው አሻራ። በሚቀጥለውም። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሄደና አንድ እሁድ ላይ «አርፋለች ተባለ» የሚል ተጻፈ። ቆጣሪ እንባው መጣ፤ ወይዘሮዋም ያን ቀን አልቀለደችም።

ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ነገራት። «እማዬ፣ እሁድ እሁድ ትመጣ ነበር። እስክትሞት ድረስ። እንዳታለቅሺ ብለው በመስኮት ብቻ ነው ያሳዩዋት።»

እናቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ፣ «ሰማያዊ ሻሽ ታስራለች» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ውይ፣ የመስኮቷ ሴትዮ! ልጆቹ ሁሉ እናውቃት ነበር፤ የማን እናት እንደሆነች ግን የነገረን የለም። እኔማ…» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔማ ምላሴን አወጣባት ነበር።»

«እሷስ?» አለ ቆጣሪ።

«እሷም ታወጣብኝ ነበር።»