ቴምሩ ብቻ አይበቃም

ሮቤ ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ ወንድ ልጁን ሊያስገርዝ የሄደ ሁሉ የነርስ ሰቢሪናን ግትርነት ያውቃል። ማደንዘዣ ሳትሰጥ ምላጭ አታነሳም። «አራስ ምን ያውቃል፣ ይረሳዋል» ለሚላት ሰው «እርስዎም ይረሱታልና ጥርስዎን በባዶው እንንቀልልዎ?» ትለዋለች። ምላሷ ነገር ያመጣባታል እየተባለች አድጋለች፤ አምጥቶባታልም።

የማደንዘዣ መንገዶቹን ሁሉ ሞክራለች። ቅባቱ አያምም፤ ግን አንድ ሰዓት ያስጠብቃል፣ ጠብቀውትም እስከ ውስጥ አያደነዝዝም። ጣፋጭ ነገር ህፃኑን ያባብለዋል እንጂ ህመሙን አይወስድለትም። ብልቱ ሥር ዙሪያውን በቀጭን መርፌ የሚሰጠው ማደንዘዣ ሲወጋ ያማል፤ ጥቂት ደቂቃ ለታገሠው ግን ከሁሉም ይሻላል። የጠፋው ታጋሽ ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ወንድሟ አብዱልመሊክ የሰባት ቀን ልጁን ታቅፎ መጣ። አባታቸው ሐጂ መሀመድአወል ተከትለውት ገቡ። ሐጂ በጊኒር ስማቸው የተጠራ ገራዥ ነበሩ፤ የተዉት እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። የእሳቸው ማደንዘዣ ቴምር ነበር። አላምጠው የህፃኑን ላንቃ ይቀቡታል፣ መጥባት ሲጀምር ይቆርጣሉ።

መርፌውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በህመም ላይ ህመም ልትጨምሪበት ነው? ወንድምሽ በእኔ እጅ ሲገረዝ ድምፁ አልተሰማም።»

«ዝም አለ ማለት አላመመውም ማለት አይደለም፣ አባ።»

«እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«አዎ» አለች። በዕድሜዋ እንዲህ ብላቸው አታውቅም። መርፌውን ግን አላስቀመጠችም።

«ልጁን አንሳ» አሉ ሐጂ ወደ አብዱልመሊክ ዞረው። «ጊኒር ገራዥ አላጣም።»

አብዱልመሊክ አንዴ አባቱን፣ አንዴ እህቱን እያየ ቆመ። ሰቢሪና ፈራች፤ ልጁ ከዚያ በር ከወጣ በባዶው እንደሚቆረጥ ታውቃለች።

«ቴምርዎን ይስጡት፣ ጣትዎንም ያስይዙት» አለች። «ካደነዘዝኩት በኋላ ምላጩ ሲነካው እጁ ጣትዎን ከጨበጠ፣ ወላሂ ይህን ሥራ ተውኩት።»

ሐጂ ልጃቸው መሐላዋን እንደማታጥፍ ያውቃሉ። ቴምሩን አላምጠው ላንቃውን ቀቡት፣ ጣታቸውንም በትንሿ መዳፍ አስያዙት። ህፃኑ መጥባት ጀመረ። ሰቢሪና መርፌውን ወጋች። ህፃኑ ድምፅ አላሰማም፤ ከንፈሩም መጥባቱን አላቆመም። ጣታቸውን ግን ሙጭጭ አድርጎ ያዘው። ሐጂ ቀና ብለው ሰቢሪናን አዩ፤ እሷ መርፌውን አስቀምጣ ሰዓቷን አየች።

እስኪደነዝዝ ጠበቁ። ከዚያ ምላጩ ሲያርፍበት ትንሿ እጅ እንደላላች ቀረች። ሰቢሪና ሥራዋን ጨርሳ ጠቅልላ ስታስረው እንኳ እጁ አልጨበጠም።

ሐጂ ጣታቸውን አላወጡም። አብዱልመሊክን ትክ ብለው አዩት።

«እሱም ያኔ ስገርዘው፣ ይሄ በመርፌው እንደጨበጠኝ ጨብጦ ይሆን?»

«የእርስዎ እጅ ምላጩ ላይ ነበር፣ አባ። የእሱን እጅ ማን አየለት?»

ጣታቸውን ከመዳፉ ቀስ ብለው አወጡ። ወደ ኮሪደሩ ወጡ። እዚያ ከሲናና የመጣ አንድ ገበሬ ልጁን ታቅፎ ይቁነጠነጣል።

«ሐጂ፣ እባክዎ ለልጅዎ ይንገሩልኝ። የእኔን ያለ መርፌ ቶሎ ትጨርስልኝ፤ ቴምር ይዣለሁ፣ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው።»

ሐጂ ወንበር ስበው በሩ ላይ ተቀመጡ።

«ያምልጥህ» አሉት።