ለጋሽ መኮንን የተረጎምኩት

ዛሬ ጋሽ መኮንን ከሥራ መባረራቸውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

አሜሪካ፣ ሌዊስቪል ከተማ አጠገብ ጎልፍ ሜዳ ላይ አብረን ሣር እንንከባከባለን። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ውርጭ ሊመጣ ነው ስለተባለ፣ ግሪኖቹን፣ ማለቴ የኳሱ ጉድጓዶች ያሉበትን ስስ ሣር፣ በትልልቅ ሸራ ስናለብስ ዋልን። የጋሽ መኮንን ጣቶች ደንዝዘው የሸራውን ችካል መያዝ አቅቷቸው ነበር።

አለቃችን የመጨረሻው እስኪሸፈን ጠብቆ መጣ። "ዊንተር ላይ ሣሩ አያድግም፤ ሶ እሱን አንፈልገውም። ንገረው" አለኝ በእንግሊዝኛ፤ ጋሽ መኮንን እንግሊዝኛ አይሰሙም።

"ምን አለ ልጄ?" አሉኝ ጋሽ መኮንን ፈገግ ብለው። ያመሰገነን መስሏቸዋል።

ነገርኳቸው።

ጓንታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። "ነገ ፀሐይ ስትወጣ ቶሎ ግለጡት፤ ሣሩ ይታፈናል" ብለውኝ ሄዱ።

እንግሊዝኛ መቻል ይጠቅማል የሚሉት ይህንን ነው መሰለኝ።

እናንተስ እንዲህ ያለውን ተርጉሙ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እምቢ ያለ ካለ ይንገረኝ።