«ያላ» ያለው ጀግና

ካርቱም ውስጥ፣ ከሱቅ ዐረቢ ወደ ሶባ በሚሄደው ሚኒባስ ተጨናንቄ፣ ቴሌግራም ላይ ድርሰት አነብ ነበር። አንዲት የማላውቃት ልጅ ያለቀ ተከታታይ ፊልም ከቆመበት እየቀጠለች በነፃ ትጽፍልናለች። የዚያን ቀን ጀግናው ፍቅረኛውን ዐረብኛ ቀላቅሎ «ያላ፣ እንሂድ» ሲላት ደሜ ፈላ። በውስጥ መስመር፣ «አማርኛ ካልቻልሽ ለምን ትሞክሪያለሽ?» ብዬ ላክሁባት።

ወዲያው መልስ መጻፍ ጀመረች፤ ተወችው፤ እንደገና ጀመረች።

«እዚሁ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ነው የተወለድኩት። ቤታችን እንዲህ ነው የምናወራው። ይቅርታ» አለችኝ።

ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ መውረጃዬ አለፈኝ። «ያላ፣ አቁም እንጂ!» ብዬ ሐበሻው ሹፌር ላይ ጮህኩ።

ስወርድ ድርሰቷን የምታወጣበትን ገጽ ዘግታዋለች። አርባ ክፍል ሳነብ አንድ ቀን እንኳ «እጅሽ ይባረክ» ብያት አላውቅም።